የባዶ እግር ኩርባ

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኔሊዳ ኢቱራልዴ እናቷ ታደርገው እንደነበረው በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ቀዳች፣ ኮምጣጤ ጠብ አደረገችበትና እግሮቿን ነከረች። ውሃው ለብ ያለ መሆኑን ያወቀችው በእጇ ነው። እግሯ ካለፈው ብርድ ወዲህ ሙቁንና ቀዝቃዛውን መለየት ትቷል።

ይህን ከጤና ጣቢያው ሐኪም በቀር በፖርቶ ካላንድሪያ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሙ ስኳሯን ከለካ በኋላ ዓይኗን አስጨፍኖ፣ ውስጥ እግሯን በቀጭን ክር እየነካካ ይሰማዎታል ወይ እያለ ጠየቃት። እሷም አንዱን ብስት አንዱን አገኘዋለሁ ብላ «አዎ፣ አዎ» ስትል ቆየች። ዓይኗን ስትገልጥ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሲጠይቃት ጭራሽ አልነካትም ነበር። ኔሊዳ በሰባ ዓመቷ እንደ ተማሪ ልጅ አፈረች።

ሌላ ከተማ ቢሆን ያንዲት አሮጊት እግር መደንዘዝ ማን ጉዳዬ ይለዋል? እዚህ ግን የኢቱራልዴ ቤት ሴት ባሕሩ ዳር ባለው ኩርባ ላይ በባዶ እግሯ ተራምዳ፣ ጫፍ ደርሳ «ንጹህ ነው» ሳትል አንድም መኪና አይነሳም። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ፈገግታው እስኪጠፋ ጥቂት ይጠብቅና ታሪኩን ይስማ።

ነገሩ የተጀመረው መንገዱ ሳይኖር ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ አሸዋ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆች ፈረስ ጋለቡበት፤ ቀጥሎ ከብት አርቢዎቹ ፎርድ መኪኖቻቸውን ይዘው መጡ። ዳኛው ባሕሩ ነበር። ውሃው ሲመለስ ውድድሩ ያበቃል፤ ያን ጊዜ ፊት የተገኘው አሸናፊ ነው፣ የዘገየው ደግሞ መኪናውን በፈረስ ያስጎትታል። ተጣላሁ፣ ተበደልኩ የሚል አልነበረም፤ ከባሕር ጋር ማን ይሟገታል?

ከዚያ ከዋና ከተማው አንድ ሀብታም መጣና ሆቴል ሠራ። እንግዶቹ ጫማቸው ሳይርስ ውድድር ማየት ስለፈለጉ የከተማው ሰው ከአሸዋው ኮረብታ ጀርባ መንገድ አወጣ። የኔሊዳ አባት ሲሪያኮ ከባልንጀሮቹ ጋር ዛጎል ከሸክላ አፈር ቀላቅሎ ደለደለ፤ አሸዋው ባለበት እንዲረጋም ታማሪስኮ የሚባለውን ጨው የማይገድለው ቁጥቋጦ ተከለ። እስከዚህ ድረስ ደግ ሠሩ። ጥፋቱ የመጣው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ባለ ሆቴሉ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ መኪኖቹንና ባሕሩን ባንድ ላይ ማየት አማረው። እነሱም ለባለ ገንዘብ እንቢ ማለት አልለመዱምና ኮረብታውን ከኩርባው ትይዩ እንደ በር ቆርጠው ከፈቱለት። ለዓይን አማረ። በዚያ በር ግን የገባው ባሕሩ ብቻ አልነበረም፤ ነፋሱም አሸዋውን ታቅፎ ገባ። በኋላ አጥር ሞከሩ፣ ቁጥቋጦ መልሰው ተከሉ፤ አንዴ መንገድ የለመደ ነፋስ አልመለስ አለ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና የካላንድሪያ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ያን ኩርባ ሲጠርግ ኖረ።

መንገዱ ሬንጅ በለበሰ በመጀመሪያው ዓመት ከባሂያ የመጣ አንድ መኪና እዚያው ኩርባ ላይ ሦስት ጊዜ ተገለባበጠ። ሰዎች ሮጠው መጥተው መሬቱን ቢያዩት ምንም የለበትም። ሬንጁ በጨውና በፀሐይ ነጥቶ የአሸዋውን መልክ ይዟል፤ ስስ አሸዋ ቢለብስ በዓይን አይለይም። የኔሊዳ እናት ባልቢና ይህን ጊዜ የገመድ ጫማዋን አወለቀችና ኩርባውን ከባሕሩ ግንብ እስከ ውሃው ማማ ድረስ ቀስ እያለች ተራመደችበት። «እዚህ አለ፣ እዚህ የለም፣ እዚህ አለ» እያለች በጣቷ አሳየቻቸው። መረብ ስትጎትት ያደገች ሴት ናት፤ አሸዋው ሊከዳት ሲል መጀመሪያ የሚያውቀው እግሯ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እሷ ቃል ባንዲራ አልተውለበለበም፤ ቦታውም የባዶ እግር ኩርባ ተባለ።

ደጉ ዘመን ከዚያ ወዲህ መጣ። ከጣልያን ሳይቀር መኪና በመርከብ ይመጣ ነበር። ሰዉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ አሸዋው ኮረብታ ላይ ሥጋ እየጠበሰ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በቅል እየተቀባበለ ይመለከታል። የሆቴሉ ሰገነት በነጭ ኮፍያ ይሞላል። ያ ሁሉ ሕዝብ ባልቢና ጫማዋን ስታወልቅ ጸጥ ይላል፤ ወንዶቹም ቆባቸውን ያነሳሉ። ኔሊዳ ሕፃን ሆና ይህን ስታይ እናቷ ንግሥት ትመስላት ነበር።

ወንድሟ አንሴልሞ መካኒክ ነበር። ካረጀ ሼቭሮሌ ላይ ጣሪያውን ቆርጦ፣ ሞተሩን ሦስት ክረምት ሙሉ ፈታቶ ገጣጥሞ የራሱን መወዳደሪያ ሠራ። በስልሳዎቹ መጀመሪያ አንድ እሑድ ባልቢና እንደ ልማዷ ተራመደችና «ንጹህ ነው» አለች። ንጹህም ነበር። ውድድሩ ሲጋመስ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ዞሮ በዚያ በተረገመው በር ገባ፤ አንሴልሞም ኩርባው ላይ ሳለ ጎማው መሬት አልነካ አለው። መኪናው አባቱ በተከላቸው ቁጥቋጦዎች ላይ ተገልብጦ አረፈ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ባልቢናን የወቀሳት ሰው የለም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። በዓመቱ ማንም ሳይጠራት መጥታ ጫማዋን አወለቀች፤ እስክትሞት ድረስም በየዓመቱ መጣች። ቃሏን ከሰጠች በኋላ ግን ውድድሩን አትመለከትም። ቤቷ ገብታ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ወጥ ቤት ትቀመጣለች። ኔሊዳ አንድ ቀን ደፍራ ለምን እንደማትተወው ጠየቀቻት። ባልቢና እግሯን በፎጣ እያደረቀች ነበር።

«ማን ይሂድልኝ?» አለቻት። «የእኔን ያህል የሚፈራ ሰው ፈልጊልኝና ልተው።»

ኔሊዳ ከእናቷ የወረሰችው ይህንን ነው። ቤቱ ተሸጧል፣ ጀልባው በስብሷል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነበር።

መንገዱም ብዙ አየ። ወታደሮቹ በገዙበት ዘመን ተዘግቶ አሸዋ እስከ ጉልበት ዋጠው። ወታደሮቹ ሲሄዱ ሰዉ አካፋውን ይዞ ወጥቶ በገዛ ጉልበቱ አወጣው። ቀጥሎ የብረት መከለያ ተሠራ፣ የጎማ ክምር ተደረደረ፣ ርዝመቱ በግማሽ ተቆረጠ። ሆቴሉ ተዘግቶ ርግብ ሰፈረበት። የጣልያኖቹ መኪኖች ቀሩ፤ በቦታቸው የአገር ውስጥ መኪኖችና የአገር ውስጥ ጎረምሶች መጡ። ያም ቢሆን ካላንድሪያ በዓመት አንዴ ሰው ሰው የምትሸተው በዚያ እሑድ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው፣ ዓሣ ጠባሹ፣ ክፍል አከራዩ፣ ሁሉም ዓመቱን የሚገፋው በዚያ ሳምንት ገቢ ነው። አሁን ደግሞ ፌዴሬሽኑ ከባሕሩ ርቆ፣ ሜዳ ላይ አዲስ መንገድ ያሠራ ከተማ አግኝቷል። ዘንድሮ ውድድሩ በሰዓቱ ካልተካሄደ ካላንድሪያ ከመርሃ ግብሩ ለዘለዓለም ትወጣለች ተብሏል።

ኔሊዳ ይህን ሁሉ እያሰበች ወደ ሳፋው ስትመለከት ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኗል። ግራ እግሯን አንስታ አየችው። ተረከዟ ላይ የዛጎል ስባሪ ተሰክቷል። መቼ እንደገባ አታውቅም፤ ምናልባት ትናንት፣ ምናልባት ከዚያ በፊት። ነቅላ ጣለችው፣ በፎጣው ጫን አድርጋ ያዘችው፤ ደሙ ቆመ።

በዚህ መሃል የልጅ ልጇ ዛይራ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ገባች። እናቷ ወደ ሮዛሪዮ ከተማ ሄዳ ስትቀር በኔሊዳ እጅ ያደገች ልጅ ናት። በጭነት መኪና ጋራዥ እየሠራች አንዲት ውራጅ መኪና ገዝታ፣ ዛሬ በትውልድ ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወዳደር ነው። ከአንሴልሞ ወዲህ ከኢቱራልዴ ቤት መሪ የጨበጠ አልነበረም።

«ምነው አያቴ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ?» አለች ሳፋውን እያየች። «እኔ መኪናዬን እንኳ እንዲህ አላጥብም።»

«ብታጥቢውማ ቀለሙ ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር።»

ዛይራ ስቃ ተንበረከከችና ሕፃን ሳለች እንደምታደርገው ጣቷን በአያቷ ውስጥ እግር ላይ አስሮጠች። ኔሊዳ ኩርኮራ የማትችል ሴት ነበረች። የልጅቷን ጣት አየችና እግሯን ሰብስባ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ጥቂት ዘገየ። ዛይራ ቀና ብላ ዓይኗን ተመለከተቻት። አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ውጭ የመካኒኳ ጥሩምባ ጮኸ። ግንባሯን ስማት ወጣች።

ያን ጊዜ ብትነግራት ኖሮ ይቀላት ነበር። ግን ምን ብላ? ልጅቷ ለዚህ ቀን ስንት ሌሊት ዘይት ውስጥ እንደተነከረች ታውቃለች። እውነቱን ብትናገር ውድድሩ የለም፤ ከተማዋም የለችም። ዝም ብላ «ንጹህ ነው» ብትል ደግሞ በዚያ ቃል ላይ የምትነዳው ዛይራ ናት። ኔሊዳ እስከ መንገዱ ድረስ እግሬ አንድ ጊዜ ብቻ ይመለስልኝ እያለች ለአምላኳ ለመነች። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ያውቀው ይሆናል፣ አሮጌ በቅሎ እንኳ መንገዷን አትረሳም ብላ ራሷን አጽናናች።

የውድድሩ ኃላፊ ዶን ኦስማር ፔይራኖ በላብ ርሶ ጠበቃት። ደግ ሰው ነው፤ ጎረምሳ ሳለ የአንሴልሞን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። አጠገቡ ጥቁር መነጽር ያደረገ የፌዴሬሽኑ ሰው ቆሟል።

«ዶኛ ኔሊዳ፣ ልጆቹ ጠርገውታል፣ ትራክተሩም ሁለት ጊዜ አጽድቶታል» አላት ኦስማር። «እርስዎ ብቻ ብቅ ብለው ይባርኩልን።»

«ነፋሱ ዞሯል ኦስማር።»

«ገና ነው። አመሻሽ ላይ ነው የሚዞረው ብለዋል በራዲዮ።»

ኔሊዳ ጆሮዋን ታምናለች። ጠዋት ከምድር በኩል ይነፍስ የነበረው አሁን ከባሕሩ ዞሮ በግራ ጆሮዋ በኩል በቀስታ ገብቷል። ኦስማርን ግን አልተከራከረችውም። በባሕሩ ግንብ ላይ ተደግፋ ጫማዋን አወለቀችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ድምጽ ማጉያው ዘፈኑን አቆመ። ግንቡ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ቆባቸውን አነሱ። መኪኖቹ መነሻው መስመር ላይ ተሰልፈው ዝቅ ባለ ድምጽ ያጉረመርማሉ፤ የዛይራ መኪና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ተራመደች። ለእግሯ አስፋልቱ የለም። እግሯ ወርዶ ይቆማል፣ የቆመበትን ግን አታውቅም። ጥጥ ላይ፣ ደመና ላይ፣ ውሃ ላይ ቢሆን ያው ነው። እናቷ እንዳስተማረቻት ጣቶቿን ከፈት አድርጋ፣ ተረከዟን ጫን እያደረገች ሄደች። አንሴልሞ የወደቀበት ቁጥቋጦ ጋ ስትደርስ ልማዷ ነውና ቆም አለች። ምንም አልመጣም። ያን ጊዜ በእርግጥ ፈራች። 

የውሃው ማማ አጠገብ ስትደርስ ሰዉ ሁሉ አፏን ያይ ጀመር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። በእሷ አፍ ብቻ አርባ ዓመት ግድም የተባለ ቃል ነውና ራሱ ሊወጣ ደረሰ። ኦስማር ግን እሷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን መንገድ እያየ ነበር።

«ዶኛ ኔሊዳ» አለ በዝግታ፣ «እግርዎ።»

ዘወር አለች። ከባሕሩ ግንብ እስከ ቆመችበት ድረስ የግራ ተረከዟ አስፋልቱ ላይ ቀይ እያተመ መጥቷል። ሌላ ሰው የሚያየው የራሷ ቁስል እሷን አልተሰማትም። ሕዝቡም ይህን አየ፤ ጉርምርምታ ተነሳ።

ኔሊዳ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰች። በእጇ መሬቱን ያዘች፣ አንዱን ጉልበቷን አስቀድማ ተንበረከከች፣ ከዚያም በደረቷ ተኛችና ጉንጯን አስፋልቱ ላይ አደረገች። ወደቀች ብለው ሁለት ሰዎች ሊሮጡ ሲሉ ኦስማር እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። አስፋልቱ ይሞቃል። ጉንጯ ላይ ደቃቅ ነገር ነካት፤ አሸዋ ይሁን የአስፋልቱ የራሱ ሻካራነት አልለየላትም። እግሯ ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ጉንጯ ባንድ ቀን ከየት ያምጣው? ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እናቷን አሰበች። እንደ ሐኪሙ ክር ያለ ነገር እየነካት ይሁን አይሁን አላወቀችም። ተነሳች።

ባልቢና ትላቸው የነበሩት ቃላት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወይ ንጹህ ነው፣ ወይ ይጠረግ። ኔሊዳ ሁለቱንም አላለችም።

«አላውቅም» አለች።

«ምን ማለት ነው አላውቅም?» አለ ኦስማር ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ይጠረግ ካሉ እናስጠርገዋለን። አላውቅም ምን ይደረጋል?»

«እግሬ ሞቷል ኦስማር። ብታስጠርገው መጠረጉን አላውቅም። ሰው ልጁን እኔ በማላውቀው ነገር ላይ አይስደድ።»

የፌዴሬሽኑ ሰው ሰዓቱን አየ። ኦስማር እንደ ሰከረ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ። ከሴቶቹ አንዳቸው እንዲራመዱ ለመነ፤ ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ቃሉ ከእናት ወደ ልጅ የመጣ ነው፤ ደፍሮ የሚሸከመው አልነበረም። በዚህ መሃል የሦስተኛው ረድፍ መኪና በር ተከፈተና ዛይራ ወጣች። የራስ ቁሯን ጣሪያው ላይ ወረወረች። እየመጣች ሳለ በአንድ እግሯ እየዘለለች ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋን በእጇ ጨብጣ አያቷ ፊት ቆመች። ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

«እኔም ኢቱራልዴ ነኝ። እኔ እሄዳለሁ።»

ኔሊዳ የልጅቷን እግር አየች። ወጣት፣ ነጭ፣ ሁሉ የሚሰማው እግር ነው። 

«ትፈሪያለሽ?» አለቻት።

ዛይራ ወደ ግንቡ፣ ወደ ወንዶቹ፣ ወደ ተሰለፉት መኪኖች አየች። አገጯን ቀና አደረገች።

«አልፈራም።»

«እንግዲያው አትሄጂም።»

 ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተወዳዳሪ ሞተሩን አጠፋ። ቀጥሎ የጎኑ አጠፋ። ይህን ኩርባ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ከሌላ ከተማ የመጡት ሳይቀሩ አንድ በአንድ አጠፉ። የዛይራ መኪና ብቻ ባለቤቷ ሳትኖር ሲያጉረመርም ቆየ፤ በመጨረሻ መካኒኳ በመስኮቱ አጎንብሶ ቁልፉን አዞረው። የባሕሩ ድምጽ ተሰማ።

ነፋሱ ቢነሳ ምንኛ በጎ ነበር። አንድ ጊዜ በርትቶ፣ አሸዋውን አንስቶ በዚያ በር ቢያስገባው፣ ሰዉ አይቶ ባመነ። ነፋሱ ግን ሙት ሆነ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ እንደ ሳህን ተዘርግቶ ዋለ፤ ኩርባውም ፀሐይ እስክትጠልቅ ንጹህ መስሎ ተጋድሞ ነበር። በመኪኖቹ ፋንታ ልጆች ብስክሌት ነዱበት።

ፌዴሬሽኑ የተናገረውን አደረገ። በሚቀጥለው በጋ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ፤ ዓሣ ጠባሹ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው ለኔሊዳ ዳቦዋን ሰጥቶ ዓይኗን ሳያይ ወደ ጓዳ ይገባል። ፊት ለፊት ክፉ የተናገራት የለም፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ ምክንያቱ ግን ተቃራኒ ነው። የሞተ ሰው መቃብር አለው፣ መስቀል ይተከልለታል፤ ሳይሞት ለተረፈው ግን ምን ማሳያ አለ? ዛይራ በዚያው ሳምንት መኪናዋን ጭና ሮዛሪዮ ሄደች፤ አያቷን አልተሰናበተቻትም። ኔሊዳን ከሁሉ ይልቅ የጎዳት ይህ ነው፤ ከእግሯም በላይ። እግሯማ የተረከዟ ቁስል አመርቅዞ ሐኪሞቹ ግራውን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

በሦስተኛው ዓመት ብርድ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ዛይራ ነበረች፤ ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ፊቷም ከስቷል። ሰላምታው አጭር ነበር። ማቴ ጠጡ፤ ስለ መንገዱ ማንም አላነሳም። በመጨረሻ ዛይራ ተነሥታ የአያቷን ተሽከርካሪ ወንበር ያዘችና ወደ ባሕሩ ይዛት ወረደች።

ኩርባው ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። በበሩ የገባው አሸዋ የሚጠርገው ስላጣ እንደ ፈለገ ተኝቶበታል፤ የባሕሩ ግንብ ጫፉ ብቻ ይታያል። ዛይራ ወንበሩን ግንቡ ጥግ አቁማ ፍሬኑን ያዘች። ሳትናገር ጫማዋን አወለቀችና ያን ሁሉ መንገድ እስከ ውሃው ማማ ቀስ እያለች፣ ጣቶቿን ከፈት አድርጋ ተራመደችበት። ቁጥቋጦዎቹ ጋ ቆም አለች። ማንም እንዲህ አድርጊ ብሎ አላስተማራትም፤ ልጅ ሆና ያየችው ነው። ስትመለስ እግሯ በብርዱ ቀልቶ ነበር።

«ማማው አጠገብ ትንሽ አስፋልት ቀርቷል» አለች። ከዚያም ግንቡ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን እያየች ጠየቀች፦ «ያን ቀን ለምንድነው ትፈሪያለሽ ወይ ያልሽኝ?»

ኔሊዳ እናቷ እግሯን እያደረቀች የነገረቻትን ነገረቻት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። 

«ፈርቼ ነበር አያቴ» አለች ዛይራ። «ገና ከመኪናው ሳልወርድ ጀምሮ። ያ ሁሉ ወንድ ግንብ ላይ ተቀምጦ እያየኝ ፈራሁ ልበል?»

ኔሊዳ ከልጅቷ ወደ ኩርባው አየች፤ ከኩርባው ወደ ልጅቷ።

«ብነግርሽስ?» አለች ዛይራ። «ብነግርሽ ታስኬጂኝ ነበር?»

«አስኬድሽ ነበር።»

 ያን ቀን ዛይራ ብትሄድ አሸዋ ታገኝ እንደነበር፣ ወይም ንጹህ ነው ብላ መሪ ጨብጣ ምን ይገጥማት እንደነበር የሚያውቅ የለም። ኔሊዳ እጇን ዘርግታ የልጅቷን እግሮች አንድ በአንድ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ በጣቶቹ መሃል የገባውን አሸዋ ጠረገችላት።

«በረዶ ሆነዋል» አለች በመዳፎቿ እያሸች፣ እስኪሞቁም ድረስ አልለቀቀቻቸውም።